ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፤ የድህነትን ሥር ከሥርዓት ውስጥ የፈለጉ ሰው

በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ሲጀምር፣ ስለ ሀብት ምንጭ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ቀረጥና ስለ ውጭ ንግድ በአማርኛ ሙሉ መጽሐፍ የጻፉ አንድ ኢትዮጵያዊ ካረፉ ሠላሳ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። እኒህ ሰው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። ሲያርፉ ዕድሜያቸው ገና 33 ዓመት ነበር። በትምህርታቸው የሕክምና ተማሪ፣ በሥራቸው ደግሞ አስተርጓሚ፣ የምድር ባቡር ተቆጣጣሪና የጉምሩክ ሹም ሆነው ኖሩ እንጂ፣ የምጣኔ ሀብት ሊቅ የሚል ማዕረግ በዘመናቸው የሰጣቸው አልነበረም። ሆኖም አንድ ጥያቄ በሄዱበት ሁሉ ተከትሏቸዋል። አፈሩ ለም፣ ሕዝቡ ሠራተኛ፣ ነጻነቱም በጦር ሜዳ የተመሰከረለት አገር ስለ ምን ደሀ ሆኖ ይቀራል?

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአድዋ አውራጃ ተወለዱ። የተወለዱበት ዘመን ለዚያች ምድር ክፉ ዘመን ነበር። ጣሊያን ምጽዋን ከያዘ ገና አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ከምዕራብ የማህዲስቶች ጦር ድንበሩን ይገፋል። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ሲወድቁ የልጁም አባት በዚያው ጦርነት ሞቱ። በላዩ ላይ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን ገባ። በሽታው ከብቱን ፈጀ፤ በሬ ያጣው ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ ከማሳ የቀረችውንም ጥቂት እህል የሚያልፍ የሚያገድመው ወታደር ይወስዳት ነበር። በኋላ ገብረ ሕይወት ስለ ጦርነትና ስለ ሀብት ሲጽፉ ነገሩን ከመጽሐፍ ብቻ እንዳላገኙት አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል።

ልጁ ገና የሰባት ዓመት ያህል ሳለ ከጓደኞቹ ጋር አገሩን ጥሎ በምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ገባ። ከዚያም ምጽዋ ወደብ በቆመ አንድ መርከብ ላይ ተሳፍሮ ወደ አውሮፓ ተሻገረ፤ በኦስትሪያም ባለጸጋ የሆነ ቤተሰብ ተቀብሎ አሳደገው። ጀርመንኛ ተማረ፤ ካደገም በኋላ በርሊን ሄዶ በዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠና። ታሪኩ ተረት ቢመስልም በዚያ ዘመን በሚሲዮንና በመርከብ በኩል ከአገር የወጡ ኢትዮጵያውያን ልጆች ጥቂት አይደሉም። ከእነርሱም ብዙዎቹ የወንጌል ተርጓሚዎችና መምህራን ሆኑ። ገብረ ሕይወት ግን ሐሳባቸውን በመንግሥት ሥራ ላይ ጣሉ።

ያደጉበት የጀርመንኛ ተናጋሪዎች ዓለም ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ትምህርት ቤት ነበር። ጀርመን ከጥቂት አሥርተ ዓመታት በፊት በብዙ መሳፍንት የተከፋፈለች፣ እያንዳንዱም ግዛት በየበሩ ቀረጥ የሚቀበልባት አገር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1834 የጉምሩክ ማኅበሩ ሲመሠረት በአባላቱ መካከል የነበረው የውስጥ ቀረጥ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1871 መንግሥቱ አንድ ሆነ፤ በ1879 ደግሞ ለአገር ውስጥ ፋብሪካና እርሻ መከላከያ የሚሆን ቀረጥ በውጭ ዕቃ ላይ ተጣለ። አፈሩ ያው የቀድሞው አፈር፣ ሕዝቡም ያው ሕዝብ ነበር። የተለወጠው ደንቡ፣ ትምህርት ቤቱና አስተዳደሩ ነው። ይህን በዓይኑ ያየ ወጣት ወደ አገሩ ሲመለስ በየኬላው ጭነቱን እያወረደ የሚቀርጥ ሲራራ ነጋዴ ቢያይ ምን እንደሚያስብ መገመት አያስቸግርም።

ገብረ ሕይወት በዐፄ ምኒልክ የመጨረሻ ዓመታት ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። የደረሱበት ወቅት ለተማረ ሰው ተስፋም አደጋም ነበረበት። በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾመዋል፤ ሆኖም ለሚኒስቴሮቹ የተቆረጠ በጀት፣ ለሹማምንቱም የታወቀ ደመወዝ አልነበረም። የንጉሠ ነገሥቱ ጤና እየታወከ ሲሄድ ሥልጣኑ በእልፍኝና በጓዳ መካከል ይጎተት ጀመር። ከጀርመን የመጡት ባለሥልጣንና ሐኪም ለንጉሠ ነገሥቱ መርዝ ሳይሰጣቸው አልቀረም የሚል ክስ ባነሡ ጊዜ ቤተ መንግሥቱ ተናወጠ። ገብረ ሕይወትም ከጀርመኖቹ ጋር በአስተርጓሚነት በመሥራታቸው የዚህ ሽኩቻ ሰለባ ሆኑና ወደ ሱዳን ተሰደዱ። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ኑሮው በሕግ ሳይሆን በሰው ፊት ላይ ሲመሠረት ምን እንደሚደርስበት በራሳቸው ላይ አዩት።

ከስደቱ በኋላ የጻፉት የመጀመሪያው ሥራ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1912 አሥመራ ላይ ታተመ። ጽሑፉ አጭር ቢሆንም በአማርኛ የታሪክ አጻጻፍ ላይ አዲስ ነገር ነበር። ታሪክ ጸሐፊ የተደረገውን አስተውሎ ማየት፣ ሳያዳላ መፍረድና የተጣራ ቋንቋ መያዝ እንዳለበት አስቀድመው ደነገጉ፤ ከዚያም በዚያው መለኪያ የቅርቡን ዘመን ነገሥታት መመዘን ጀመሩ። ምኒልክ ገና በሕይወት ሳሉ ይህን ማድረግ ድፍረት ይጠይቃል። የትግራይን ሕዝብ በጦርነትና በረኀብ ከቀዬው መበተን ሲያነሡ ብዕራቸው ይከብዳል፤ የተወለዱባት ምድር ናትና። ነገር ግን ኀዘኑ ላይ አልቆሙም። ለወጣቱ አልጋ ወራሽ ለልጅ ኢያሱ የሚበጀውን ዘርዝረው አቀረቡ። የንጉሡ የግል ሀብትና የመንግሥት ገንዘብ ይለይ፤ ግብሩ የታወቀና የተወሰነ ይሁን፤ ሠራዊቱ ደመወዝ ይቆረጥለት፤ ሕግ በመጽሐፍ ይጻፍ፤ ገንዘቡ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ትምህርት ቤት ይከፈት፤ ሰው በሃይማኖቱ አይነካ። ጃፓንንም በምሳሌነት አነሡ። ያች አገር በጥቂት አሥርተ ዓመታት ራሷን ያነሣችው አስተዳደሯን በማደሷና ዕውቀትን በመፈለጓ ነው ብለው ያምኑ ነበርና።

የዛሬ አንባቢ ይህን ዝርዝር ሲያይ የተለመደ የማሻሻያ ምክር ሊመስለው ይችላል። ክብደቱ የሚታወቀው በዚያን ጊዜ የነበረው አሠራር ሲታሰብ ነው። ወታደሩ ደመወዝ አልነበረውም፤ በደመወዝ ፈንታ እንደ ማዕረጉ ገባር ይመደብለታል። ገባሩ እህሉንና ማሩን ያገባል፣ እንጨት ይሰብራል፣ ቤት ይሠራል፣ ሚስቱ ትፈጫለች። በዚያ ላይ ለመንግሥት አሥራት ይከፍላል፤ መኳንንት ወይም እንግዳ ባለፈ ቁጥርም ድርጎ ያወጣል። የሚከፍለው መጠን በሕግ የታወቀ ሳይሆን በተቀባዩ ጉልበትና ጠባይ የሚለካ ስለ ነበር፣ ገበሬው ጎተራውን ቢያሰፋ ትርፉ የራሱ አይሆንም፤ እንዲያውም የሰፋ ጎተራ ዓይን ይስባል። ባለሙያውም ከዚህ የተሻለ ዕድል አልነበረውም። ቀጥቃጩና ሸማኔው ይናቅ ስለ ነበር ምኒልክ ራሳቸው ሠራተኛን የሚሰድብ እንዲቀጣ በአዋጅ ለመከልከል ተገደዋል። እንግዲህ ማረስ ለወታደሩ መቀለብ፣ የእጅ ሥራ ደግሞ መሰደብ ሆኖ ሳለ ብልህ ልጅ ወዴት ይሄዳል? ጠመንጃ ይዞ ጌታ ወደ መፈለግ ነዋ። ገብረ ሕይወት የተከራከሩት ከዚህ ስሌት ጋር ነው።

ገብረ ሕይወት በልጅ ኢያሱ ዘመን በመጀመሪያ የምድር ባቡር ተቆጣጣሪ፣ ቆይተውም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። እነዚህ ሁለት ሥራዎች ለሐሳባቸው የሰጡትን ጥቅም ማንም መምህር ሊሰጣቸው አይችልም ነበር። ድሬዳዋ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ኩባንያው የፈረንሳይ ነበር። መጀመሪያ ያቋቋሙት ሰዎች ከከሰሩ በኋላ በ1900 ዓ.ም. ገደማ አዲስ ኩባንያ ሥራውን ተረከበ። ባንኩም እንዲሁ ነው። በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ክንፍ ሲሆን ለኀምሳ ዓመት የብቻ መብት ተሰጥቶት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የጉምሩክ ሹሙን እጅ ያሰረው የክሎቡኮቭስኪ ውል ነው። በጥር 1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው ይህ ውል፣ ወደ አገር በሚገባው ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ በጠቅላላው ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ለወይን ጠጅና ለመሳሰለው መጠጥ ደግሞ ከመቶ 8 ነው። የሌሎች መንግሥታትም ዜጎች በዚሁ ልክ ተጠቃሚዎች ሆኑ። ስለዚህ የድሬዳዋው ነጋድራስ የሐረርን ቡና፣ ቆዳውን፣ ሰሙንና የዝሆን ጥርሱን ወደ ባሕር ሲሸኝ፣ በተመላሹ ባቡር የሚመጣውን አቡጀዲድ ሲቀበል፣ የአገሩን ሸማኔ ለመጠበቅ ቀረጡን ከፍ ለማድረግ ሥልጣን አልነበረውም። በአንጻሩ ከሐረርጌ ገጠር ወደ ከተማ የሚገባው የአገር ውስጥ ነጋዴ በየኬላው ይቀርጥ ነበር። የውጭው ዕቃ አንድ ጊዜ፣ የአገሩ ዕቃ ብዙ ጊዜ! ይህ ነገር ለሕግ ሊቅ የውል ጉዳይ፣ ለቤተ መንግሥት ሰው የዲፕሎማሲ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ መዝገቡን ለያዘው ሹም ግን የየዕለት ሒሳብ ነው።

ዋናው መጽሐፋቸው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ይህን ሁሉ ወደ አንድ ሐሳብ ለማምጣት የሞከረ ነው። መነሻው ሥራ ነው። ሀብት ማለት ወርቅና ብር አይደለም፤ ሰው የተፈጥሮን ነገር ለሚያስፈልገው ጥቅም ለመለወጥ ያፈሰሰው ድካም ነው። ድካሙ የሚሰጠው ፍሬ ግን በዕውቀት መጠን ይለያያል። ዕውቀት ያለው ሰው በአንድ ቀን የሚያደርሰውን ዕውቀት የሌለው በብዙ ቀን አያደርሰውም። እዚህ ላይ ደራሲው በዘመኑ ለነበረው ኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ የሆነ እርምጃ ወሰዱ። ሁለት ሕዝቦች ዕቃ ሲለዋወጡ የሚለዋወጡት ድካም ነው፤ ባለ ዕውቀቱ ሕዝብ ጥቂት ድካም ሰጥቶ ብዙ ድካም ይቀበላል። ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር በየገበያው የሚጎዳው ነጋዴው ስለ ተታለለ ብቻ አይደለም፤ የልውውጡ መሠረት እኩል ስላልሆነ ነው። ባንዲራውን ያላስደፈረ ሕዝብም በዚህ መንገድ ለሌላው አዳሪ ሊሆን ይችላል። አድዋ ላይ ድል ከተነሣ ገና ሃያ ጥቂት ዓመት በሆነበት አገር ይህን መናገር ቀላል አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ከ1950 ወዲህ ራውል ፕሬቢሽና ሌሎች የደቡብ አሜሪካ ሊቃውንት ስለ ጥሬ ዕቃ ላኪ አገሮች ያቀረቡት ትምህርት በዓለም ሲስፋፋ፣ የገብረ ሕይወት ስም እንደ ቀዳሚ መነሣቱ ከዚህ የተነሣ ነው። መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1995 በተንክር ቦንገር ተተርጉሞ ለንደን ላይ በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ክብሩ ይገባቸዋል። ነገር ግን ይህ ዓይነቱ ምስጋና የመጽሐፉን ግማሽ ብቻ የሚያነብ ይመስላል። ገብረ ሕይወት የውጭውን ነጋዴ ከሰው አልተቀመጡም። ዕውቀት በአንድ ሕዝብ መካከል ስለ ምን እንደማይከማች ጠየቁ፤ መልሱንም ከጅቡቲ ወዲህ፣ በአገሩ ውስጥ አገኙት። ዕውቀት የሚከማቸው ሰው ከዛሬ ፍጆታው አትርፎ ለነገ ሲያስቀምጥ ነው። ያተረፈውን የሚቀማ ኃይል ባለበት ግን ማንም አያስቀምጥም። ጦርነት ሀብትን በአንድ ጊዜ ያጠፋል፤ ወታደር በገበሬ ቤት የሚያድርበት ሰላም ደግሞ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ያጠፋዋል። በገብረ ሕይወት ዓይን የኢትዮጵያ ታሪክ ሲመረመር፣ መሣሪያ የያዘው ክፍል ከሚሠራው ክፍል ላይ ተቀምጦ የሚበላበት፣ ቀጥሎም እርስ በርሱ ስለ መቀመጫው የሚዋጋበት ረጅም ዘመን ሆኖ ይታያል። የባዕድ ንግድ ጉዳት የገባው በዚህ በተከፈተ በር ነው።

በዚህ ምክንያት መድኃኒቱም ቅደም ተከተል አለው። ግብር በሕግ ሳይወሰን፣ ሠራዊት በደመወዝ ሳይተዳደር፣ ዳኛ ከገዢ ሳይለይ፣ የውስጥ ኬላ ሳይነሣ ከውጭ በሚገባው ላይ ቀረጥ ቢጨመር፣ ተጨማሪው ገንዘብ ወደዚያው ወደ አሮጌው ቋት ይገባል። ትምህርት ቤት ቢከፈትም ተመራቂው ከጌታ ደጅ ከመጥናት በቀር ሥራ አያገኝም። ይህ ክርክር ከገብረ ሕይወት የውጭ ንግድ ትንታኔ ይልቅ ለባለሙያ ዓይን የጠነከረ ነው፤ ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ሲጠቀስ አይሰማም።

ጉድለታቸው የት ላይ ነው? ትልቁ ጉድለት ከትልቁ ብርታታቸው አጠገብ ይገኛል። ድህነት የሥርዓት ውጤት መሆኑን አሳይተው ሲያበቁ፣ ሥርዓቱን የሚለውጠው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ ያገኙት መልስ አስተዋይ ንጉሥ ነው። መጽሐፋቸው ንጉሡን ይመክራል፣ ያስጠነቅቃል፣ የጃፓንን ምሳሌ ያሳያል፤ ንጉሡ ምክሩን ባይቀበል ግን ገበሬው ወይም ነጋዴው ምን ዓይነት መያዣ እንደሚኖረው አይናገርም። የንጉሡ ጓዳ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ይለይ የሚለው ሐሳብ ወደ ሌላ ጥያቄ ይመራል፤ መለየቱን የሚቆጣጠረው ማን ነው? እዚህ ላይ ብዕሩ ቆመ። በእርግጥ ምክር ቤትም ሆነ የተደራጀ የነጋዴ ወገን በሌለበት በዚያ ዘመን ሌላ አድማጭ ማግኘት ከባድ ነበር። ደግሞም ራሳቸው የሚኖሩት በሹመት ነው። ነጋድራስነት ማለት በአሮጌው ሥርዓት ውስጥ ከንግዱ መሐል የሚቆምና ለቤተ መንግሥት ገንዘብ የሚያስገባ ማዕረግ ሲሆን፣ ሥርዓቱ እንዲፈርስ የሚከራከረው ሰው በዚሁ ማዕረግ ይጠራ ነበር። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ሲሻሩና ሥልጣኑ በንግሥት ዘውዲቱና በአልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መካከል ሲከፈል፣ ለአንዱ ገዢ የተጻፈው ምክር ሌላ ገዢ ፍለጋ መውጣት ነበረበት።

ምክሩ ለአዲሱ ገዢ በመጽሐፍ መልክ የደረሰው ግን ደራሲው ከሞቱ በኋላ ነው። ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. አረፉ፤ ብራናቸው ሳይታተም ቀረ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም.፣ በጳውሎስ መናመኖ ትጋት «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» አዲስ አበባ ላይ ታትሞ ወጣ። ያ ዓመት ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ የተጓዙበት፣ አገሪቱም የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ሆና የተቀበለችበት ወቅት ነው፤ ስለ ሥልጣኔ የሚጽፍ ሰው አንባቢ የማያጣበት ጊዜ ነበር።

ገብረ ሕይወት ከዘረዘሯቸው ነገሮች አንዳንዶቹ ቶሎ፣ አንዳንዶቹ እጅግ ዘግይተው መጡ። ሕገ መንግሥት ተጽፎ በ1923 ዓ.ም. ታወጀ፤ የአቢሲኒያ ባንክም በዚሁ ዘመን ተገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ ሆነ። እነዚህ ከላይ፣ በወረቀትና በማኅተም ሊፈጸሙ የሚችሉ ሥራዎች ነበሩ። የገበሬውን ጎተራ የሚነካው ክፍል ግን ሌላ ዕድል ገጠመው። የመሬት ግብር በገንዘብ የሚከፈልበት አዋጅ ከጣሊያን መባረር በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም. ወጣ። ልጁ አድዋ ላይ ሳለ ያውቀው የነበረው አሥራት በእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ የተተካው በ1960 ዓ.ም. ነው፤ መጽሐፉ በታተመ በ44 ዓመቱ፣ ደራሲው ባረፉ በ49 ዓመታቸው።